ውሃ የረጨሁባት አይጥ

በርሜሉ የተከፈተ ቀን ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ከምድር ባቡር ጥገና ክፍል ጡረታ የወጣው ባለቤቴ፣ ትልቋ ልጄ፣ ግድግዳ የምትጋራኝ ሱማሌዋ ባለሱቅ ጎረቤቴ፣ ልጄን ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት መምህር፣ እና አይጧ። አይጧን ከሰው ተርታ የቆጠርኳት ወድጄ አይደለም። ያን ቀን ከሁላችንም በላይ የተወራው ስለ እሷ ስለሆነ ነው። ሌላ ሰው አልነበረም። ነበርኩ የሚል ካለ ዋሽቷል። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲዞር አንዳንዱ በዓይኑ እንዳየ ሆኖ ስላወራው ነው። ሆን ብላ ገደለቻት እያሉ ያወሩት ያልነበሩት ናቸው። ከነበርነው ውስጥ እንደዚያ ያለችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ልጄ ናት።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያወቅሁት የልጆቼን ደብተር ሳገላብጥና ሬዲዮ ሳዳምጥ ያገኘሁትን ብቻ ነው። አይጥ ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በባቡር ሠራተኛ መደዳ ቤት አድጎ አይጥ የማያውቅ የለም። ዱቄት የምትበላ አይጥ አውቃለሁ፣ ሳሙና የምትበላ አውቃለሁ፣ የጋብቻ ወረቀቴን ጥግ የበላችውንም አውቃታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በመጥረጊያ ሳባርረው የኖርኩትን ነገር ልጄ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራ በእቅፏ ይዛልኝ ገባች።

የመጣችው በወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ክዳኑ በምስማር ተበሳስቷል። ልጄ ከሽንሌ ወዲያ ካለው አሸዋ ላይ ሁለት ሌሊት በመረብ ደክማ ነው የያዘቻት። ጣሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ልታስቀምጥ ስትል እጇን ያዝኳትና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከፈተችልኝ።

አንድ እፍኝ አትሞላም። ፀጉሯ የአሸዋ መልክ አለው። የፊት እጆቿ ትንንሽ ናቸው፣ ሠሪዋ በኋላ እጨርሳቸዋለሁ ብሎ ረስቷቸው የቀሩ ይመስላሉ። የኋላ እግሮቿ ግን ረጃጅም ናቸው፣ ከሌላ እንስሳ ተውሳ የመጣች ነው የምትመስለው። ጅራቷ ከራሷ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ጭራ ፀጉር አለው። ዓይኗ ፊቷን ሞልቶታል። እንደ ደንቡ መሮጥ አትችልም፤ በሁለት እግሯ ትዘላለች። ወደ ቀኝ ልትሄድ ነው ስትሉ ወደ ግራ ትገኛለች።

«ይቺማ አይጥ ናት» አልኳት።

«እማዬ፣ በቃ አይጥ አትበያት። ከቤት አይጥ ጋር አትገናኝም።»

«ታዲያ ምን ልበላት? ወይዘሮ?»

ባለቤቴ ሽርጡን አሸርጦ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ጣሳ ውስጥ ያለውን ለማየት ተነሳ። ይህ ሰው ቧንቧ ፈሷል ስለው የማይነሳ ሰው ነው።

ቀኑ የልጄ ዕረፍት ነው፤ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ራሱ ባጃጅ ይዞ መጣ። ያረፈው ከዚራ ሰፈር ነው፣ ዛፍ ጥላ ስር። ስለ በረሃ የሚያጠኑ ሰዎች ሁልጊዜ ጥላ ያለበት ቦታ ነው የሚያርፉት። ኪስ የበዛበት ሰደርያ ለብሷል፤ ኪሶቹን ቆጠርኳቸው፣ አንዱም ውስጥ ውሃ አልያዘም።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ እንደምን አሉ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፣ አንተስ? ግባ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም።»

እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙ አይሆንልንም። እኔ አባቴንም አንተ ስል ነው ያደግኩት። እሱ የአዲስ አበባ ሰው ነውና አንተ ስለው አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። በኋላ ለመደው። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ቀን እርስዎ እንዳለኝ ነው፣ እውነት ለመናገር በልጅነቱ ያሳደገው ሰው ይመስገን።

ውሃ አቀረብኩለት። ጠጣ። ደገምኩለት፣ ጠጣ። ሦስተኛውንም ጠጣ። ውሃ ስለማትጠጣ እንስሳ ሊያስረዳን ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጨረሰ።

የነገረን ይህን ነው። ይህች አይጥ ከተወለደች እስክትሞት ውሃ ሳትጠጣ ትኖራለች። የምትበላው ደረቅ ፍሬ ነው፤ ከዚያው ከደረቀ ፍሬ ሰውነቷ ውስጥ ውሃ ይወጣል። አያልባትም። ሽንቷ ጠብታ ነው፣ ውሃው ሁሉ ተመጥጦ የቀረ ወፍራም ነገር። ፀሐይ ሳይወጣ ጉድጓዷ ትገባና በሩን ከውስጥ በአፈር ትደፍነዋለች። ውጭ ድንጋዩ ሲግል እሷ ከታች ቀዝቅዞላት ትተኛለች። ስትተነፍስ የሚወጣው እርጥበት በሩ ስለተደፈነ አይባክንም። ጎተራዋ ውስጥ ያለው ፍሬ ይስበዋል። ስትበላው መልሳ ታገኘዋለች። ማታ ጨለማው ሲወርድ በሯን ትከፍትና ፍሬ ለቀማ ትወጣለች። እግሯ መዳፍ ስር ፀጉር ስላለው አሸዋው አይውጣትም። ጠላት ሲመጣባት እየዘለለች አቅጣጫ ትቀያይራለች፣ ጅራቷ እንዳትወድቅ ሚዛን ይጠብቅላታል።

«እና የራሷን ትንፋሽ መልሳ ትበላለች በለኛ» አለ ባለቤቴ። ዓይኑ እንባ ሊያወጣ ምንም አልቀረው።

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«ንፉግ» አልኩ እኔ።

«ንፉግ አይደለችም አቦ፣ ሞተር ናት። ባቡሩ እንኳ ውሃ ካልሞሉለት ቆሞ ይቀር ነበር። ይቺ ራዲያተር የላትም፣ ታዲያ ትሄዳለች። ይሄን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ።»

«ሰው አይደለም የሠራት። አንተ የሠራሃት ቢሆን እስካሁን ጥገና ላይ ነበረች።»

መምህሩ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። እሷ የሚያስቃት ቀርቶ የምትተነፍሰውም በመምህሩ አፍ ነበር፤ ምክንያቱም ነገሩ የእንጀራዋ ጉዳይ ነው። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗት የተማረችበት ሥራ አላገኘችም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ መስፋት ላይ ናት። መምህሩ ደግሞ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ በሚወስደው ቆላ እነዚህን አይጦች ሊያጠና ሦስት ወር ይወርዳል፣ አንድ ረዳት ይፈልጋል። አሁን ለአሥራ ሁለት ቀን አዲስ አበባ ደርሶ ይመጣል። እስኪመለስ ልጄ አይጧን ቤታችን አስቀምጣ፣ በየቀኑ መዝና፣ ደብተር ላይ ጽፋ፣ በሕይወት ካስረከበችው አብራው ትሄዳለች። ካልቻለች ሌላ ሰው ይወስዳል።

«ዋናው ነገር» አለ ሊወጣ ሲል፣ «ውሃ እንዳትሰጧት። ምንም። በርሜል ውስጥ ደረቅ አሸዋ፣ ደረቅ ማሽላ፣ በቃ።»

«ሰማሁህ» አልኩት። መስማቴን ሁሉም መስክረውብኛል፣ አልክድም።

እኔ እንድትሄድ አልፈለግኩም። ይህንንም አልክድም። ፋብሪካው ጣሪያ አለው፣ ማራገቢያ አለው፣ ቧንቧ አለው። ሲደክማት ትቀመጣለች። ከደወሌ ወዲህ ባለው ሜዳ ምን አለ? ታናሽ ወንድሜ ከብዙ ዓመት በፊት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዚያው መንገድ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ወጣ። ባለ ሁለት ሊትር ፕላስቲክ ውሃ ይዞ ነበር፤ የሞላሁለት እኔ ነኝ። ጓደኞቹ ደርሰዋል። እሱ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ሰው ያለ ውሃ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ባለቤቴ ጫት ሊቅም በርጫ ሲሄድ እንኳ ላስቲክ ውሃ አስይዛለሁ። ሰፈሩ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ያም ሆኖ በርሜሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ልጄ ከቀትር እስከ ማታ ፈረቃ ላይ ናት፣ አባቷ ደግሞ የሚሠራው ማድነቅ ብቻ ነው። ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ነበረን፣ አጠብኩት፣ አደረቅኩት። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አስመጥቼ በወንፊት ነፋሁት፣ ጠጠሩን ለቀምኩ። ማሽላውን አበጠርኩ፣ ነቀዝ ያለበትን አወጣሁ። ለማልወዳት አይጥ ያን ሁሉ ያደረግኩት ቤቴ የገባ ነገር ቆሽሾ እንዳይገኝ ነው። በረንዳው ጥግ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው፣ በወንፊት ሽቦ ከደንነው። እሷም ሳትውል ሳታድር ቆፈረችና ገባች፣ በሩን ደፈነች። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ያለው አሸዋ ብቻ ነው። እንግዳ ሆና መጥታ በር የምትዘጋብኝ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ማታ ማታ ልጄ ስትመጣ ትመዝናታለች። እኛ ዘንድ ሚዛን ስለሌለ ከጎረቤቴ ሱቅ ነው።

«አባዮ፣ በዚህ ሚዛን እኮ ስኳር ነው የምሸጠው» አለች ጎረቤቴ በመጀመሪያው ቀን። አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው፣ እኔንም ልጄንም እንደዚያ ነው የምትጠራን። «ወላሂ ደንበኛ ካየ አለቀልኝ።»

«ጣሳ ውስጥ ናት፣ ሚዛኑን አትነካውም» አለች ልጄ።

«ስኳሩም ላስቲክ ውስጥ ነው። የሰው አፍ ግን ላስቲክ ውስጥ አይታሰርም።»

መዘነችላት ግን። ጣሳው ውስጥ አጎንብሳ ስታይ ሳቀች። «እህ፣ ይቺን እኮ አውቃታለሁ። ባዲያ፣ ገጠር፣ ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ሲመሽ እናሯሩጣት ነበር፣ ማንም ይዟት አያውቅም። የምትገርመው ውሃ ጉድጓድ አጠገብ አንድ ቀን አይተናት አናውቅም።»

«ሞኝ ስለሆነች ነዋ» አልኳት።

ጎረቤቴ ክብደቷን ነገረችን፣ ልጄ ጻፈች። አልቀነሰችም።

ቀኖቹ እንደዚህ ሄዱ። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሰኔን ድሬ ላይ ያላሳለፈ ሰው ስለ ሙቀት ባያወራ ይሻላል። እኔ በሦስት ሰዓት፣ ፀሐይ ግድግዳውን ሳይይዘው በርና መስኮቱን እዘጋለሁ፣ መጋረጃ እጥላለሁ፣ የበሩን ስር በጨርቅ እደፍናለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይከፈትም። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ዕቃ ይለቃለቅበታል፣ ዕቃ የተለቀለቀበት ግቢ ይረጭበታል፣ የተረፈው የሎሚዋ ዛፍ ስር ይደፋል። ቧንቧ የሚመጣው በተራ ስለሆነ ጠብታ አይባክንም። የሚመጣውም ቢሆን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲፈላ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ የሚጋገር ውሃ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ጫቱን በጉንጩ ይዞ ሲያየኝ ቆየና «አንቺ ሴትዮ» አለኝ፣ «አንቺና እሷ እኮ አንድ ናችሁ።»

«ከማን ጋር?»

«በሦስት ሰዓት በርሽን ትደፍኛለሽ፣ ሲመሽ ትወጫለሽ። ውሃሽን ሦስቴ ትጠቀሚበታለሽ። መዝለል ብቻ ነው የቀረሽ።»

እስከ ማታ አላናገርኩትም። ሰው በአህያ ይሰደባል፣ በውሻ ይሰደባል። በአይጥ የተሰደብኩት ያን ቀን ነው፣ ያውም እሱ አድንቄሽ ነው ይለኛል። እኔ ውሃ የምቆጥበው ለሌላ ሰው እንዲተርፍ ነው። እሷ ለማን ነው የምትቆጥበው? አንድም ልጅ አጠገቧ የለም። ሆዷን ይዛ ጉድጓድ ውስጥ መጠቅለል ብልሃት ከተባለ፣ ብልሃተኛው ብዙ ነው።

በሰባተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። ወትሮ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የምረጨውን ግቢ ያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት ልረጭ ተነሳሁ። እኛ ሀገር ሙቀት የሚበርደው እንዲህ ነው፤ ዕቃ የተለቀለቀበትን ውሃ በጣሳ ይዞ መሬቱን፣ በረንዳውን፣ የመጋረጃውን ጫፍ እርጭ እርጭ ማድረግ ነው። አፈሩ ይሸታል፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰው ይተነፍሳል። እናቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር፣ ጎረቤቴም እንደዚያ ታደርጋለች። ግቢዋን ሳትረጭ የምትውል ሴት ድሬ ውስጥ የታመመች ሴት ናት።

በረንዳውን ስጨርስ በርሜሉ ጋ ደረስኩ። በእጄ ነካሁት፣ ቆርቆሮው ያቃጥላል። ጥላው በዚያ ሰዓት ይሸሸዋል፣ ይህን ያስተዋለ አልነበረም። ያለኝን ውሃ አየሁት። እንዳትሰጧት ነው ያለው፣ አውቃለሁ። አልሰጠኋትም። በሳህን አላቀረብኩላትም። ትጠጣለችም ብዬ አላሰብኩም። የረጨሁት አሸዋውን ነው፣ እንደ ግቢው፣ ቀዝቀዝ እንዲልላት። ብንቃትም ግቢዬ ውስጥ ያለች ፍጥረት ናት። ሰው ሁሉ ሲተነፍስ እሷ ብቻዋን ቆርቆሮ ውስጥ ትጠበስ ማለት አልሆነልኝም።

በማግስቱም ረጨሁ። በሦስተኛውም ቀን። መብራቱ እየመጣ እየሄደ ነበር።

በእነዚያ ቀኖች ልጄ ኦቨርታይም ገብታለች። ወደ ቆላ ከመውረዷ በፊት ጥቂት ጨምራ መያዝ ፈልጋ ነው። ስትመጣ እግሯ አብጦ፣ ምግቧን ሳትጨርስ ትተኛለች። ሱቁም ተዘግቶ ነው የምትደርሰው፣ ስለዚህ አልመዘነችም።

«እማዬ፣ አየሻት ዛሬ?» ትለኛለች።

«አለች» እላታለሁ።

«ትንቀሳቀሳለች?»

«ምን ትሆናለች? ትዘላለች።»

አላየኋትም ነበር። ጥፋቴ የቱ ነው ቢባል ይሄ ነው፤ ውሃው አይደለም። አጎንብሼ አይጥ ማየት ንቄ፣ ላላየሁት ነገር አለች አልኩ። በሯን ደፍና የምትውል ናት፣ ባትታይ ምን ይገርማል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ስጠርግ በርሜሉ ውስጥ አረንጓዴ አየሁ። ማሽላ በቅሏል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ተጠጋግቶ፣ እንደ መርፌ ቀጥ ቀጥ ያለ ቡቃያ። ልክ ጎተራዋ ያለችበት ላይ ነው፤ ያን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ደስ አለኝ። እንኳን ረጨሁላት፣ እርጥብ ነገር ትቀምሳለች አልኩ። ለባለቤቴም አሳየሁት።

«ገበሬ ሆነችልህ ሞተርህ» አልኩት።

ተነስቶ በሽቦው ላይ አጎንብሶ ቡቃያውን አየ። ሠላሳ ዓመት ባቡር የጠገነ ሰው ነው፣ የሆነ ነገር ሳይገባው አልቀረም። ነገር ግን አልተናገረም። ይህ ሰው መናገር በሚገባው ጊዜ ተናግሮ አያውቅም።

በማግስቱ መምህሩ መጣ። ልጄ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የክብደቱን ደብተር በክንዷ ይዛ። ጎረቤቴ የመጨረሻውን ሚዛን ለማየት ሱቋን ለልጇ ትታ ሚዛኑን ራሷ ተሸክማ መጣች። ስድስታችን ተሰበሰብን፣ አይጧን ከቆጠርን።

ልጄ የወንፊቱን ሽቦ አነሳች። ቡቃያውን አየች። ደብተሩ ከክንዷ ወደቀ፣ አላነሳችውም።

«ውሃ ገብቶበታል» አለች።

እሷ በእጇ፣ መምህሩ በማንኪያ መቆፈር ጀመሩ። ላይ ላዩ ደርቆ እንደ ቂጣ ይነሳል፣ ከስሩ እንደ ሊጥ ነው። ዋሻዋ ተደርምሷል። ማሽላዋ ግማሹ በቅሏል፣ ግማሹ ሻግቶ ተጣብቋል፣ ይሸታል። እሷ ከጎኑ ነበረች፣ ተጠቅልላ፣ ጅራቷን በራሷ ላይ አዙራ። ፀጉሯ ረጥቦ ተጣብቋል። ከመጣችበት ቀን ይልቅ ታንሳለች።

«ከሞተች ሁለት ቀን ይሆናታል» አለ መምህሩ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «የአሸዋው አየር ተዘጋባት። ፀጉሯም ደረቅ አሸዋ ላይ እየተንከባለለች ነው የምታጸዳው፣ ከረጠበ አይሞቃትም። ፍሬውም ሲሻግት…»

«እኔ ነኝ የረጨሁት» አልኩ። «ሙቀቱ በዝቶ ነበር።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«እንዳትሰጧት ሲል ሰምተሻል።»

«አልሰጠኋትም። ረጨሁ ነው የምልሽ።»

«አለች ስትይኝ ነበር። በየቀኑ ስጠይቅሽ ነበር እኮ። ትዘላለች አልሽኝ።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እንዳልሄድ ብለሽ ነው። ሆን ብለሽ ነው ያደረግሽው።»

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። አላወቅሁም ልጄ፣ ስለሞቀ ነው፣ የናቴ ልማድ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። ጎረቤቴ ቆማለች፣ መምህሩ ማንኪያ ይዞ ቆሟል፣ ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። በሰው ፊት በአይጥ ሬሳ ላይ መሐላ መግባት አስጠላኝ። ስለዚህ ያልኩት ይህን ነው።

«አይጥ ናት። አይጥ የጠፋበት ሀገር የለም፣ ነገ ሌላ ትይዣለሽ።»

ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። «አባዮ፣ ተይ» አለችኝ ቀስ ብላ።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠራረገና ለልጄ «እውነታቸውን ነው» አላት፤ እኔን ለማዳን ይመስለኛል። «ሌላ ትይዣለሽ። ከተሳሳቱት ላይ ነው የሚማሩት። ነገ ጠዋት እንሂድ። እስከ መዘንሽበት ቀን ድረስ ደብተሩን ጥሩ አድርገሽ ይዘሻል፣ እኔ ረዳት እፈልጋለሁ።»

እና ሄደች። እንዳትሄድ ብላ ገደለቻት የተባልኩት ሴትዮ፣ መግደሌ ልጄን አንድ ቀን እንኳ አላዘገያትም።

ጠዋት ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቼ፣ ክዳኑን በላስቲክ አጥብቄ በር ላይ አስቀምጬላት ነበር። ውሃውን ሌሊቱን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በነጠላ አጥልዬ ነው የሞላሁት። በላዩ አልፋ ሄደች። እግሯን ከፍ አድርጋ፣ ሳትነካው። መኪናው ላይ ውሃ አለ አለች ለአባቷ። ለእኔ ቻዎ አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

ከሄደች ሰባት ሳምንት ሆናት። አንድ ጊዜ ደውላለች፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በአባቷ ስልክ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ደህና ነኝ አለች።»

«ውሃስ?»

«ስለ ውሃ አልጠየቅኳትም።»

«ታዲያ ምን ጠየቅካት?»

«ስንት እንደያዙ። አራት ይዘዋል።»

ከዚያ ወዲያ የለም። የእሷም የመምህሩም ስልክ ስደውል መስመር የለም ይለኛል። ዩኒቨርሲቲው ጋ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ መስክ ላይ ናቸው አለችኝ። መስክ ላይ መሆናቸውን እኔም አውቃለሁ። የጎረቤቴ ወንድም የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ አይሻ አልፎ ከመንገዱ ራቅ ብሎ አንድ ድንኳን አይቻለሁ፣ ሰው ግን ቀን ቀን አይታይም አለ። ቀን ተኝተው ማታ ነው የሚወጡት ማለት ነው። እንደ አይጧ ሆነዋል።

በርሜሉ አሁንም በረንዳው ላይ ነው። ማሽላው ደርቋል፣ አሸዋውን አልደፋሁትም። ባለቤቴ ላውጣው ወይ ብሎኝ ተወው አልኩት። ግቢውን ስረጭ እዚያ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ። ለአይጧ ያለኝ አስተያየት አልተለወጠም፤ በሯን ደፍና ትንፋሿን የምትቆጥር ፍጥረት አላደንቅም፣ እሷን ለማድነቅ ቆላ የሚወርዱትንም አላደንቅም። ነገር ግን አስቤበት አልገደልኳትም። ይህን ለልጄ የሚነግርልኝ ሰው ስላጣሁ ነው የጻፍኩት። ለእሷ ባይደርስ እንኳ በቧንቧው ሰልፍ ላይ ለሚያወሩት ይድረስ።

በደወሌ መንገድ የምትመላለሱ ሹፌሮች፣ አይሻ አካባቢ ከብት የምትጠብቁ ሰዎች፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት፣ ሰማያዊ ሻርፕ የምታስር ልጅ ናት። ኪሱ ከበዛ ሰውዬ ጋር ናት። ያያችኋት ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።